ማህፀኑ ከመውጣቱ በፊት ሚሊሜትሩን ጠይቁ

በቀደም አንድ ተማሪ «ፕሮፌሰር፣ ፓቶሎጂ በሽተኛ የማይታይበት ሙያ ስለሆነ ይቀላል አይደል?» አለኝ። የዚህ ጽሑፍ መነሻ እሱ ነው። ፓቶሎጂስት ማለት ከበሽተኛ አካል የተወሰደ ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም ነው።

ድሮ ናሙና የሚመጣልን በተገኘው ዕቃ ነበር። ትንንሹ በማር ብልቃጥ ወይም በሃይላንድ ይመጣል፤ የሃይላንዱ አፍ ስለሚጠብ በመቀስ ቀደን ነበር የምናወጣው። አንድ ቀን በቀለም ባልዲ ሙሉ ማህፀን መጣ። ወረቀቱ «ዕድሜ 26፣ ልጅ የላትም፣ የማህፀን በር ካንሰር» ይላል። ሌላ ነገር የለም።

በዓይን ሲታይ ጤነኛ ነበር። የማህፀኑን በር ዙሪያውን ቆራርጬ ማይክሮስኮፕ ስር ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። አንድ ጥግ ላይ ካንሰሩን አገኘሁት። ጥልቀቱ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ሁለት የጤፍ ቅንጣት ብትደረድሩ ያክለዋል። የደም ሥርም ሆነ የሊምፍ ሥር ውስጥ አልገባም።

ይሄ ስቴጅ ዋን ኤ ዋን የምንለው የካንሰሩ የመጀመሪያ ደረጃ ነው፤ ጥልቀቱ ከ3 ሚሊሜትር በታች የሆነ። ልጅ ለምትፈልግ ሴት ኮን ባዮፕሲ ይበቃ ነበር። የማህፀን በሩ በሾጣጣ ቅርጽ ተቆርጦ ይወጣል። ጠርዙ ንጹህ ከሆነ፣ ማለትም የተቆረጠበት ዳር ላይ ካንሰር ካልታየ፣ ምርመራው ራሱ ህክምና ይሆናል፤ ማህፀኑም ይቀራል።

ውጤቷን ልትወስድ ራሷ መጣች። ጋቢ ደርባለች፣ ወንድሟ ደግፏታል። በመስኮቱ በኩል «ዶክተር፣ ምን ያህል ነበር?» አለችኝ። የእስክሪብቶዬን ጫፍ አሳየኋት። እስክሪብቶውን አየችው፣ ወንድሟን አየችው። «ታዲያ ለዚህ ነው ሁሉም የወጣው?»

ሐኪምሽን ጠይቂው አልኳት። ሌላ ምን ማለት እንደነበረብኝ ዛሬም አላውቅም። ፈቃዱን የፈረሙት አባቷ እንደሆኑ ወንድሟ ነገረኝ። «ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ሰርጂኑ ላይ አልፈርድም፤ ያኔ «ካንሰር ከሆነ ይውጣ፣ ነፍሷ ትትረፍ» ነበር የሚባለው። እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ እፈርድበታለሁ።

ምክንያቱም ዕጢው ከዚያ ቢበልጥ እንኳ መንገድ ነበር። ፈረንሳዊው ዳንኤል ዳርዣን ሊዮን ውስጥ ትራኬሌክቶሚ የተባለውን ቀዶ ጥገና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የማህፀኑ በርና ዙሪያው ይወጣል፣ የማህፀኑ አካል ግን ይቀርና ከብልት ጋር ይሰፋል። አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ከ2 ሴንቲሜትር ሳይበልጥ፣ ሊምፍ ኖዶቹም (ንፍፊቶቹ) ንጹህ ሲሆኑ ነው የሚሠራው። ሴትየዋ የምትወልደው በኦፕራሲዮን ነው፤ ያለ ጊዜው የመወለድ ስጋትም አለ። ለሁሉም አይሆንም። ስሞል ሴል የሚባለው ክፉ ዓይነት ከሆነ ጭራሽ አይታሰብም።

የዛሬ ልጆች ስላይድ (ናሙናው የተለጠፈበትን መስታወት) በስልክ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ «ይሄ ምንድነው?» ትላላችሁ። ያናድደኛል። ማይክሮስኮፕ ላይ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ምን ያቅታል? ስለ ህክምናዋ ከስልኳ አንብባ ሐኪሟን በጥያቄ የምታፋጥጥ ልጅ ሳይ ደግሞ ያንኑ ስልክ እመርቃለሁ።

ጀማሪ ሐኪሞች፣ ኮኑ ላይ የሰዓት 12 ቁጥር ባለበት አቅጣጫ ክር እሰሩ። ክር ከሌለ የትኛው ጠርዝ እንደተነካ ልነግራችሁ አልችልም። ወረቀቱ ላይ ልጅ እንደምትፈልግም ጻፉ። ያን ጊዜ እኛም ጠርዙን እየለካን እንጽፍላችኋለን።

ስለ ማህፀን በር ካንሰር ክትባት አልሰብክም፤ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፣ ታውቁታላችሁ።

ወጣት ሴቶች ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጥልቀቱ ስንት ሚሊሜትር ነው፣ ጠርዙስ ነፃ ነው ወይ በሉ። ናሙናችሁ በሰም ተደርጎ ይቀመጣል። ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየው ስላይዱን ወይም ብሎኩን (በሰም የተቀመጠውን ናሙና) መጠየቅ ትችላላችሁ። በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ካንሰር ለሁለተኛ ዓይን የሚሆን ጥቂት ቀን አይጠፋም። እኛ ፓቶሎጂስቶች አንቀየምም። የሚቀየም ሐኪም ካጋጠማችሁ ደግሞ እሱ ጋ አትመለሱ።