ሐረር ሱቅ ሊከፍቱ ነው፣ እኔ ግን ልብስ ቆጠራ ላይ ነኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ድሬ ከዚራ አካባቢ አንድ የልብስ ድርጅት ለአፓረንትሺፕ (ለስራ ልምምድ) ገብቼ ነው፣ ሐረር ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ስለሆነ ስራውን ትማሪያለሽ ተባልኩ፣ ግን እስካሁን ስቶር ውስጥ ልብስ ከመቁጠር ውጪ የሚያሳየኝ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ ስቶሩን አትናቂው፣ የትኛው ሳይዝ ቶሎ እንደሚያልቅ የቱ ከለር አቧራ ሲጠጣ እንደሚከርም የምታውቂው እዛ ነው፣ ጻፊው። ደግሞ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት ሐረር ከ1,800 በላይ፣ እዚህ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሹራብ እዛ ማታ ማታ ይፈለጋል፣ ስለዚህ የድሬን ስቶክ ግማሹን ጭኖ መውጣት አያዋጣም (ስንቱ ነው ግን እንደዛ የሚያደርገው!)። ሐረር መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ሂጂና ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ትንሽ ቁሚ፣ ሰው ሬዲሜድ ገዝቶ ምኑን እንደሚያስጠብብ ምኑን እንደሚያሳጥር ስታዪ ኦርደሩ ላይ የቱ ሳይዝ መጨመር እንዳለበት ይገባሻል።

ኪራዩንስ? የወሩን ኪራይ ለአንድ ልብስ ትርፍ አካፍዪው፣ ኪራይ ብቻ ለመሸፈን ስንት ልብስ መሸጥ እንዳለበት ይወጣልሻል። መንገዱ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ስለሆነ አሁንም ወርዶ ከናንተ የሚገዛ ሐረሬ ካለ እሱን አዲስ ደንበኛ ብለሽ እንዳትደምሪ። ይሄን ባንድ ገጽ ጽፈሽ ለማናጀሩ ስጪው።