ቴክስት ፋይል ብሮውዘር ላይ ከሚከፈት ዳውንሎድ እንዲሆን

መምህር፣ ሰላም ነዎት? ጥያቄዎን አየሁት። የ12ኛ ክፍል ማስታወሻዎችን በቴክስት ፋይል አዘጋጅተው ዌብሳይትዎ ላይ ጭነዋል። ተማሪዎቹ ሊንኩን ሲነኩ ግን ስልካቸው ላይ አይወርድም፤ እዚያው ብሮውዘሩ ላይ ይከፈታል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማስታወሻው የለም ማለት ነው። እኔ እንጀራዬ ዌብሳይት መሥራት ስለሆነ ይህ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል።

ፋይልዎ ምንም አልሆነም። ሰርቨሩ (ዌብሳይትዎ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ፋይል ሲልክ ሄደር የሚባሉ ጥቂት መስመሮችን ያስቀድማል። አንዱ ኮንተንት ታይፕ ነው፤ የፋይሉን ዓይነት ይናገራል። ዓይነቱ ቴክስት ስላሽ ፕሌን፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ፣ ሲሆን ብሮውዘሩ ማንበብ ስለሚችል ከፍቶ ያሳያል። ዚፕ ከሆነ ማሳየት ስለማይችል ያወርደዋል። ብዙ ሰው «ዚፕ አድርገው» የሚለው ለዚህ ነው። እኔ ለስልክ ተጠቃሚ አልመክረውም፤ ዚፕ መፍታት ለተማሪ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ሊንኩ ላይ አንድ ቃል መጨመር ነው። ሊንኩን በሚፈጥረው የኤችቲኤምኤል ኮድ (ኤ ታግ) ውስጥ፣ የፋይሉን አድራሻ ከሚይዘው ኤችሬፍ ቀጥሎ፣ ዳውንሎድ የሚለውን አትሪቢዩት (ተጨማሪ ቃል) ይጻፉ። ነገር ግን ፋይሉና ገጹ አንድ ዶሜይን ላይ መሆን አለባቸው። ካልሆነ ክሮም ከ2018 ጀምሮ እንዳላየ ያልፈዋል። ደግሞ አንዱ ተማሪ የፋይሉን አድራሻ ቀድቶ በቴሌግራም ቢልክ አትሪቢዩቱ አብሮ አይሄድም። ጓደኛው ሲነካው እንደ ድሮው ይከፈትበታል። ተማሪ ሊንክ የሚቀባበለው ደግሞ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ሁነኛው መፍትሔ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። ኮንተንት ዲስፖዚሽን የሚባል ሄደር አለ፤ ሁለቱ ቃላት በአጭር ሰረዝ ይያያዛሉ። «ኢንላይን» ከሆነ ብሮውዘሩ ያሳያል፤ «አታችመንት» ከሆነ ያወርዳል። ከኢሜይል ተወስዶ የመጣ ነው፤ ለዌብ የራሱ ስታንዳርድ የወጣለት በ2011 ነው።

ሲፓነል (የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጽ) አለኝ ብለዋል፤ እንግዲያው የሰርቨሩ ሶፍትዌር አፓቺ ሳይሆን አይቀርም። ማስታወሻዎቹ ባሉበት ፎልደር ውስጥ ዶት ኤችቲአክሰስ የሚባል፣ ለአፓቺ ትእዛዝ የሚጻፍበት ፋይል ይፍጠሩ። ፋይልስማች በሚለው ብሎክ በቲኤክስቲ የሚያልቁትን ይምረጡ። ውስጡ ሄደር፣ ሴት፣ ኮንተንት ዲስፖዚሽን፣ አታችመንት የሚለውን በአንድ መስመር፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ፣ በክፍት ቦታ ብቻ ለያይተው ይጻፉ። 500 ኤረር ከመጣ ሞድ ሄደርስ የሚባለው ሞጁል አልተከፈተ ይሆናል፤ የሆስቲንግ ድርጅቱ እንዲከፍትልዎ ይጠይቁ። በአፓቺ ፈንታ ኤንጂንኤክስ የሚባለውን የሰርቨር ሶፍትዌር ለምትጠቀሙ ሌሎች አንባቢዎች፦ ሎኬሽን ብሎክ ውስጥ አድ ሄደር ስትጽፉ ከላይ ሰርቨር ብሎክ ላይ የጻፋችኋቸው ለዚያ ሎኬሽን መሥራት ያቆማሉ። የምትፈልጓቸውን እዚያም ድገሟቸው።

መምህር፣ ይህን የዶት ኤችቲአክሰስ ሕግ የዌብሳይትዎ ዋናው ፎልደር ላይ አያድርጉት። ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲን (ለመፈለጊያ ሞተሮች መመሪያ የሚጻፍበትን ፋይል) ለማየት በከፈቱ ቁጥር ይወርድብዎታል።

«ኮንተንት ታይፑን ኦክቴት ስትሪም (ዓይነቱ ያልታወቀ ፋይል) አድርገው» የሚል ምክርም ይሰጥዎታል። ይሠራል፤ ግን ለብሮውዘሩ ውሸት መንገር ነው። አንዳንድ ስልክም ፋይሉን በምን አፕ እንደሚከፍት ግራ ይገባዋል። ዓይነቱ እውነተኛው ይሁን፣ «አውርደው» የሚለውን ብቻ ይጨምሩበት።

ሌላው የአማርኛው ጉዳይ ነው። ፋይሉ ከወረደ በኋላ ሰርቨርዎ «ይህ ዩቲኤፍ 8 (የአማርኛ ፊደል የሚጻፍበት ኮድ) ነው» ብሎ የሚያስረዳለት የለም፤ የሚከፍተው አፕ ራሱ ይገምታል። ግምቱ ሲሳሳት ፊደሉ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ኖትፓድ ላይ ሴቭ ሲያደርጉ ዩቲኤፍ 8 ዊዝ ቦም የሚለውን ይምረጡ፤ ቦም ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሆኖ ኮዱን ለአፑ የሚናገር ምልክት ነው። የፋይሉ ስም በአማርኛ ቢሆንም አያስጨንቅዎ፤ አታችመንት ብቻ ከጻፉ ብሮውዘሩ ስሙን ከአድራሻው ላይ ይወስዳል።

ሲሞክሩት በኢንኮግኒቶ (በብሮውዘሩ የግል መስኮት) ይሁን። አንድ ደንበኛዬ «አልሠራም» ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ከርሞ፣ ለካ ብሮውዘሩ የሚያሳየው ካሽ ያደረገውን (ቀድሞ አስቀምጦ ያቆየውን) የድሮውን ኖሯል። አይፎን ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ «የት ገባ?» ማለታቸው አይቀርም። ከአይኦኤስ 13 ወዲህ ሳፋሪ ያወረደውን ፋይልስ አፕ ውስጥ፣ ዳውንሎድስ ፎልደር ላይ ያስቀምጣል። ከቴሌግራም ውስጥ ከፍተው እምቢ ያላቸው ካሉ ሊንኩን በክሮም ወይም በሳፋሪ ይክፈቱት።