ከሥልጠና መልስ ማን ይጠይቃል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከአቃቂ፣ ከገላንና ከቦሌ ለሚ የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ገንዘብ ወጥቶ ሰው ይሠለጥናል፤ ከወር በኋላ ግን ባለህበት እርገጥ ነው።

ጥያቄ፦ ቦሌ ለሚ ባለ የልብስ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለላይን ሱፐርቫይዘሮቻችን (ለስፌት መስመር ተቆጣጣሪዎቻችን) የጥራት ሥልጠና ሰጠን። ጉድለት ሲያዩ ላይኑን አስቁመው ምክንያቱን እንዲፈልጉ ተማሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ወደ ድሮው ተመለሰ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ እስቲ እኔም ልጠይቅዎ። ሱፐርቫይዘሩ ማታ ላይ የሚጠየቀው ምንድን ነው? «ስንት ቁራጭ አወጣህ?» ከሆነ ላይን ያቆማል ብለው አይጠብቁ። እጅጌው ተጣሞ የተሰፋ ሸሚዝ ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ የሰዓቱ ኢላማ የተጻፈበትን ሰሌዳ ያያል። «ይለፍ፣ ፊኒሺንግ (ማጠናቀቂያ ክፍል) ላይ ይስተካከላል» ይላል። የተማረው ጠፍቶበት አይደለም፤ ቢያቆም ማን እንደሚቆጣው ስለሚያውቅ ነው።

ባልድዊንና ፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት፣ እስከ ዛሬ በሚጠቀስ ጽሑፍ፣ የተማሩትን ሥራ ላይ ማዋል በሦስት ነገሮች ይወሰናል ብለዋል፦ በሠልጣኙ፣ በሥልጠናው አዘገጃጀትና በሥራ ቦታው ሁኔታ። እኛ ዘንድ ገንዘቡም ጭንቀቱም ሥልጠናው ላይ ያልቃል። አዳራሽ፣ አሠልጣኝ፣ ሻይ ቡና፣ ሰርተፍኬት። ባነሩ ፊት የምንነሳው ፎቶማ አይቀርም!

ስለዚህ ከሚቀጥለው ሥልጠና በፊት የምርት ኃላፊው እያንዳንዱን ሱፐርቫይዘር ለጥቂት ደቂቃ ያነጋግር። «ስትመለስ ይህቺን አንዷን ነገር ከአንተ እጠብቃለሁ» ይበለው። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ራሱ ላይኑ ድረስ ወርዶ ይጠይቅ። ለተወሰነ ጊዜ ኢላማው ትንሽ ይቀነስ። ሰሌዳው ላይም ከቁራጩ ብዛት ጎን በመጀመሪያ ፍተሻ ያለፈው ይጻፍ። ኃላፊው በዚህ ካልተስማማ እንቅጩን ልንገርዎ፦ ለሥልጠና የያዛችሁትን በጀት ለሌላ ነገር አውሉት።

ጥያቄ፦ ሠልጣኞቹ አስተያየት መስጫው ላይ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ብለው ሞሉ። ውጤታማ ነበር ማለት አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም። ምሳው ጥሩ ነበር ማለትም ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥልጠና በአራት ደረጃ እንዲመዘን ጽፏል፦ ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ አሠራራቸው ተለወጠ ወይ፣ ድርጅቱስ ምን አገኘ። ቅጹ የሚነግርዎ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ ብረታ ብረት ቤት ሜካኒክ ነኝ። ማሽን ሳይበላሽ በፊት ስለሚደረግ ጥገና ሠልጥኜ መጣሁ። አለቃዬ ግን «የምናውቀው ይበቃናል» አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ተማርን እኮ» እያልክ አትከራከረው። አንድ ማሽን ብቻ ስጠኝ በለው፤ በጣም የሚያስቸግረውን። መቼ ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ ስንት ሰዓት ቆመ የሚለውን ደብተር ላይ መዝግብ። አለቃህ የሥልጠና ነገር ባይገባው የቆመ ማሽን ኪሳራ ይገባዋል። ደግሞ አትዘግይ። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ የማስታወስ ተመራማሪ በራሱ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሙከራ፣ በቃሉ ከያዘው አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ ተንኖ ነበር። የአንተ የእጅ ሙያ ስለሆነ እንደዚያ አይፈጥንም፣ ግን ካልነካኸው መርሳትህ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጫማ ፋብሪካችን ውስጥ ካይዘን (አሠራርን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ተጀምሮ ነበር። አሁን የወለሉ ቀለም ለቋል፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ቀንም የአምና ነው። እንዴት እናንሳው?

መልስ፦ ካይዘን በጃፓን ድጋፍ ወደ አገራችን ሲገባ ሙከራው የተጀመረው በ30 ድርጅቶች ነበር፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቋመ። «ማ»ዎቹ የሚባሉት የካይዘን የሥራ ቦታ አያያዝ አምስት እርምጃዎች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ማጣራቱና ማጽዳቱ በዘመቻ ይሠራል። ማዝለቁ ላይ ነው ሁሉም የሚወድቀው። ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳውን ያነበበው መቼ ነው? የማይነበብ ሰሌዳ የሚሞላ ሞኝ የለም። ሁሉንም ባንዴ አታንሱ። አንድ ክፍል ምረጡ፤ ፈረቃ ሲቀየር አለቃው ሰሌዳው ጋ ቆሞ ዐሥር ደቂቃ ያናግራቸው። የተጻፈችው ችግር በሳምንቱ ስትፈታ ካዩ ሌላውን ራሳቸው ይጽፋሉ።

ጥያቄ፦ ገላን ነው የምንሠራው። የማሽን ደኅንነት ሥልጠናው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ አሠልጣኙ በአማርኛ ያስረዳል። ብዙዎቹ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ «ገባችሁ?» ሲባሉ ሁሉም «አዎ» ይላሉ።

መልስ፦ «አዎ» ያሉት ስብሰባው እንዲያልቅ ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዲስ ሠራተኛ በፍጥነት ለማሠልጠን የተጠቀሙበት መንገድ አራት ደረጃ ነበረው፦ አዘጋጀው፣ አሳየው፣ አሠራው፣ ተከታተለው። ሦስተኛው ነው የሚያስፈልግዎ። ኦሮምኛ የሚችል ነባር ኦፕሬተር ማሽኑ ጋ ያቁሙ። ልጁ መጀመሪያ ኃይሉን ያጥፋ፣ ከዚያ መከለያውን ይክፈት፤ እያንዳንዱን ለምን እንደሚያደርግ በራሱ ቋንቋ ይናገር። ከተሳሳተ እንደገና። በሳምንቱ ደግሞ ሳይነግሩት ሄደው ሲሠራ ይዩት።