እማዬ ዓይን ውስጥ ቢጫው ሌንስ ይግባ ወይስ ነጩ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንዴት ነዎት፣ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ሁለቱም ዓይኗ ላይ የሞራ ግርዶሽ አለ ተብሎ ለኦፕሬሽን ቀጠሮ ይዘናል። የሄድንበት ክሊኒክ ሁለት ዓይነት ሌንስ አለ፣ ነጭና ቢጫ፣ ቢጫው ብሉ ላይት የሚባለውን ሰማያዊ ብርሃን ስለሚከላከል ሬቲናዋን፣ ማለትም ከዓይኗ ውስጥ በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ሽፋን፣ ይጠብቅላታል ግን ብር ይጨምራል አሉን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ቢጫው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ድርቅ ብሏል፣ እሱ ራሱ ብሉ ከት መነጽር ሳያደርግ ኮምፒውተር አይነካም። እማዬ ማታ ማታ ስልኳ ላይ ስብከት ስታይ ነው የምታመሸው፣ ዓይኗን ያበላሸው እሱ ነው የሚሉም አሉ። ምን ይሻለናል? (ልጇ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ስልኩን ከክሱ ነፃ እናውጣው። ሞራ በአብዛኛው የዕድሜ ነገር ነው፣ ስኳር በሽታ፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት፣ ዓይን ላይ የደረሰ ምት፣ ሲጋራ፣ የብዙ ዓመት ፀሐይ ያፋጥነዋል፣ ስብከት ማየት ግን አያመጣውም።

ብሉ ላይት ሬቲና ይጎዳል የሚለው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ይሄ ብርሃን (የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ነው) ጉልበተኛ ስለሆነ በጣም በርትቶ ሲገባ ሬቲናው ላይ ኬሚካላዊ ጉዳት ያደርሳል፣ በፈረንጆቹ 1976 በጦጣዎች ላይ ተሞክሮ ታይቷል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይዋ ቀለበት የሆነች ዕለት በባዶ ዓይን እንዳታዩ ተብሎ የተለፈፈው ለዚህ ነው፣ ብየዳ የሚሠራ ሰውም ያለ መከላከያ እሳቱን ካየ ያው ነው። ስልክ ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለሽ ቀን ሰማዩን ብታዪ ከስልክሽ ከሚመጣው የሚበልጥ ብሉ ላይት ነው ዓይንሽ የሚገባው።

አሁን ወደ ሌንሱ። ስንወለድ የዓይናችን ሌንስ እንደ ውሃ የጠራ ነው፣ ዕድሜ ሲሄድ እየቢጨ ይመጣና በእናትሽ ዕድሜ አንዳንዱ ጠጅ ነው የሚመስለው፣ እና ያ ቢጫነት ራሱ ብሉ ላይቱን ያስቀራል። ሞራው ሲገፈፍ ያ ማጣሪያም አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሰው ሠራሽ ሌንሱን ትንሽ ቢጫ እናድርገውና የወጣውን እንተካ የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ልክ መስሎኝ ነበር። ግን በፈረንጆቹ 2018 ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት 51 ጥናት ሰብስቦ ሲያይ ቢጫው ሌንስ ማኩላን፣ ማለትም የሬቲናን መሐል፣ እንደሚጠብቅ የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘም፣ የማየት አቅም ላይም ልዩነት አልታየም። ደግሞ ነጭ የተባለው ባዶ መስታወት አይደለም፣ የዛሬ ሌንሶች ነጭም ሆኑ ቢጫ አልትራቫዮሌት የሚባለውን የማይታይ የፀሐይ ጨረር የሚያስቀር ነገር አላቸው። ሰር ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው የዓይን ሐኪም በፈረንጆቹ 1949 ሎንደን ላይ የመጀመሪያውን ሌንስ ዓይን ውስጥ ካስገባ ጀምሮ ስንትና ስንት ሰው በነጩ ኖሯል። ቢጫው ጎጂ ነው እያልኩ አይደለም፣ ዋጋው እኩል ቢሆን ወይ ሐኪሙ የለመደው እሱ ከሆነ ይግባ፣ ለእሱ ብላችሁ ተበድራችሁ እንዳትገቡ ነው የምለው።

ጭንቀታችሁን ሌላ ቦታ ብታደርጉት ይሻላል። የእናትሽ ሬቲና ከኦፕሬሽኑ በፊት ታይቷል ወይ? ሞራው ወፍሮ ወደ ውስጥ አላሳይ ካለ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ ስኳር ካለባቸው ደግሞ ይሄ የግድ ነው፣ ምክንያቱም ሬቲናው ቀድሞ ከተጎዳ የትኛውም ሌንስ አያድነውም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፣ የተለመደው ሌንስ አንድ ርቀት ብቻ ነው የሚያጠራው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሩቁን ነው፣ እናትሽ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ኦፕሬሽን ተደርጌም መነጽር? ብለው ሊያዝኑ ይችላሉ። ስለዚህ በብዛት ምን እንደሚሠሩ፣ ማንበብ ነው፣ ስፌት ነው፣ ሩቅ ማየት ነው፣ ሌንሱ ሳይለካ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት።

ለወንድምሽ፦ የብሉ ከት መነጽሩን ጉዳይም ኮክሬን በፈረንጆቹ 2023 አይቶታል፣ 17 ጥናት፣ የዓይን ድካም ላይ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። ስክሪን ላይ ዓይን የሚደክመው ስናፈጥ መርገብገብ ስለምንረሳ ነው፣ ወትሮ በደቂቃ 15 ጊዜ አካባቢ የሚርገበገበው ዓይን እዚያ ላይ በጣም ይቀንስና ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው ወደ 6 ሜትር ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይይ፣ በነፃ ነው። ማታ ስክሪን እንቅልፍ ያዛባል የሚባለው ግን እውነትነት አለው፣ እናትሽም ሊተኙ ሲሉ የስልኩን ብርሃን ቀነስ ያድርጉት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የመጀመሪያው ዓይን ፋሻ ሲነሳ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ሰማያዊ አለብኝ፣ ነጠላዬ እንዲህ ነጭ ነበር እንዴ ሊሉ ይችላሉ። አትደንግጡ፣ ለዓመታት በጠጅ ውስጥ ሲያዩ ቆይተው ነው። ሞኔ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ በፈረንጆቹ 1923 ሞራው ሲወጣለት ሰማያዊው በዛብኝ ብሎ ተማሮ ባለ ቀለም መነጽር እስከ ማድረግ ደርሷል፣ ያኔ የሚተካ ሌንስም አልነበረም። ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ይለምዱታል። ግን ዓይኑ ቀልቶ ካመማቸው፣ እይታቸው ከቀነሰ፣ ወይም ብልጭ ብልጭ የሚልና እንደ ጥቁር መጋረጃ የሚወርድ ነገር ካዩ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዷቸው።