ወንድምሽ በፍላሽ የሚጭነው ጌም ከገቢሽ አይቀነስም

እህቴ፣ ባሕር ዳር ሶፍትዌር ምህንድስና አራተኛ ዓመት ላይ ነሽ፤ ጌም ሠርተሽ መሸጥ ትፈልጊያለሽ። ዳንግላ ውስጥ ለደንበኞች ጌም በፍላሽ እየጫነ የሚያስተምርሽ ታላቅ ወንድምሽ ግን «ሁሉም ኮፒ ነው፣ ማን ይገዛሻል?» ብሎሻል። «ታዲያ የጌም መቆለፊያ (ኮፒ እንዳይደረግ የሚከለክል ሶፍትዌር) ልማር ወይስ ልተወው?» ላልሽው መልሴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ ነው።

ወንድምሽ የሚያውቀው የራሱን ደንበኛ ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ልጅ ኮፒው ቢጠፋ ኳስ ሜዳ ይወርዳል እንጂ ገዢ አይሆንም። ገዢሽ ያለው ሌላ አገር ነው። እዚያ ክራክ፣ ማለትም መቆለፊያውን ሰብሮ ጌሙን በነፃ ማሰራጨት፣ ጉዳት የለውም አልልም። በ2024 የታተመ ጥናት ዴኑቮ የተባለው መቆለፊያ የተገጠመላቸውን 86 ጌሞች አይቶ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰበረባቸው በአማካይ 20 በመቶ ያህል ገቢ እንደሚያጡ፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ሲሰበር ግን ኪሳራው ከምንም እንደማይቆጠር አግኝቷል። ሽያጩ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ መቆለፊያው የሚጠብቀው እነሱን ብቻ ነው። ይህም ስሙ አስቀድሞ የታወቀና ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ጌም ላላቸው ድርጅቶች ነው። ዊቸር 3 የተባለው ታዋቂ ጌም እንኳ በ2015 ጂኦጂ በተባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ያለ መቆለፊያ ወጥቶ፣ በ2023 ጠቅላላ ሽያጩ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ አልፏል። ያንቺ ችግር መሰረቅ ሳይሆን አለመታወቅ ነው። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ በነፃ የሚሰጠው መቆለፊያም በቀላሉ ይነሳል፤ ሌሊትሽን አታባክኚበት።

ሌሊትሽን ለዚህ አውዪው፦ ለስቲም 100 ዶላር ትከፍያለሽ፤ ከዚያ ጌሙን ለመልቀቅ ቢያንስ 30 ቀን ትጠብቂያለሽ። የሽያጭ ገጽሽን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ማውጣት ግዴታ ነው፤ እኔ ግን ስድስት ወር ቀድመሽ አውጪው እላለሁ፣ ነፃ ማሳያም ጨምሪበት። 1,000 ቅጂ በ5 ዶላር ቢሸጥ ስቲም 30 በመቶውን፣ ማለትም 1,500 ዶላር ይወስዳል። አሜሪካ ከእኛ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ እዚያ ከተሸጠው ድርሻሽ ላይ ሌላ 30 በመቶ ይቆረጣል። ስምሽ በላቲን ፊደል በስቲምና በባንክ ሂሳብሽ አንድ ዓይነት ይጻፍ፤ ፊደል ከተለያየ ክፍያው ሊመለስ ይችላል።

ወንድምሽ ለሚልክልሽ ገንዘብ ምስጋና ይገባዋል፤ ሙያሽን የመምረጥ መብት ግን አላገኘበትም። ይህን ፊት ለፊት ንገሪው። ቢሆንም ከምረቃ በኋላ መጀመሪያ የደመወዝ ሥራ ያዢ፤ የባንክ ዳታቤዝም ቢሆን። ለዓመታት በደመወዝ ሶፍትዌር የጻፈ ሰው ይህን ይመርጣል፣ እኔም እመርጣለሁ።

ማስተርስ አስበሽ ከሆነም ይቆይ። ላፕቶፕሽ 8 ጊጋባይት ራም ካለው በነፃ በሚገኘው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር፣ ጎዶት፣ ትንሽ ጌም ለመጀመር ይበቃሻል።