ማሽኑ ጮኸ፣ የት ልቆፍር? የሜታል ዲቴክተር ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አዲስ ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ ማሽን) ከገዙ ሰዎች የመጡ ናቸው። ድምፅ መስማት አላስቸገራቸውም። የቸገራቸው ዕቃው በትክክል የት እንዳለ መለየት ነው። ረዣዥሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬ፣ ተመሳሳዮቹንም አንድ ላይ አድርጌ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ስቆፍር ግን ዕቃውን የማገኘው ከጉድጓዱ ዳር ወይም ጭራሽ ከጉድጓዱ ውጭ ነው። ማሽኑ የተበላሸ ስለመሰለኝ ለሻጩ ልመልሰው አስቤያለሁ።

መልስ፦ አይመልሱት፤ ማሽኑ ደህና ነው። እርስዎ ገና ያልለመዱት የኮይሉን፣ ማለትም መሬቱ ላይ የሚያወዛውዙትን የማሽኑን ራስ ባሕርይ ነው። ኮይሎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። ኮንሴንትሪክ በሚባለው ውስጥ አንዱ የሽቦ ክብ በሌላው ውስጥ ተቀምጧል። ከሥሩ ያለው መስክ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ድምፁ የሚበረታው በኮይሉ መሃል ነው። ደብል ዲ በሚባለው ደግሞ ግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ጥቅሎች መሃል ላይ ተደራርበዋል። የዚህኛው ጉልበት ከኮይሉ የፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ በተዘረጋ ጠባብ መስመር ላይ ነው ያለው። ብዙ አዳዲስ ማሽኖች ይዘውት የሚመጡት ይህንን ነው፤ የእርስዎም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ደብል ዲውን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙት ዕቃው ከዚያ መስመር ሥር ማለፉን ይነግርዎታል። ከመስመሩ የትኛው ክፍል ሥር እንደሆነ ግን አይነግርዎትም። ይህን ለማወቅ ድምፁ የበረታበትን መስመር መሬቱ ላይ በዓይንዎ ይያዙና፣ ዕቃውን በ90 ዲግሪ ዞረው ቆመው እንደገና ያወዛውዙ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ቦታ ነው የሚቆፈረው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይመኑ። በብዙ ማሽኖች ድምፁ ኮይሉ ዕቃውን ካለፈ በኋላ ጥቂት ዘግይቶ ስለሚወጣ፣ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ዕቃው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲመለሱ ወደ ግራ የሸሸ ይመስላል። እውነተኛው ቦታ የሁለቱ መሃል ነው።

ሌላም ዘዴ አለ። ኮይሉን በአጭር በአጭሩ እያወዛወዙ ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይሳቡት። ድምፁ ድንገት የሚቋረጥበት ቅጽበት ላይ ዕቃው ከኮይሉ የፊት ጫፍ ሥር ወይም ከጫፉ ትንሽ ወጣ ብሎ ይገኛል። ምን ያህል ወጣ እንደሚል ከማሽን ማሽን ይለያያል። ስለዚህ አስቀድመው ከብረት ንጹሕ መሆኑን ባረጋገጡበት መሬት ላይ አንድ ሳንቲም ያስቀምጡ፤ ሌላ ሰው በጨርቅ ይሸፍንልዎ። እርስዎ ፈልገው፣ እዚህ ነው ባሉበት ቦታ የእንጨት ስንጥር አኑረው ጨርቁን ይግለጡ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን እንደሚያደላ ያያሉ። ያንን ካወቁ እጅዎ ራሱ ያርመዋል።

ተዳፋት ላይ ለሚፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃው ያለው ከኮይሉ የታችኛው ገጽ ቀጥታ ትይዩ ነው። ኮይሉ ከተዳፋቱ ጋር አብሮ ካዘነበለ ወደ ዕቃው የሚወስደው መስመርም ያዘነብላል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የቆፈረ ሰው አጠገቡ ያልፋል፤ ዕቃው ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ ይሰፋል።

ጥያቄ፦ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ችግር ይፈጥራሉ?

መልስ፦ አዎ፣ በተለይ ጉድጓዱ ውስጥ እጅዎን ሲያስገቡ፤ ያውልቋቸው። ጫፉ ብረት የሆነ የሥራ ጫማም እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት ወጣት የፒንፖይንት ቁልፉን (የዕቃውን ትክክለኛ ቦታ ለመለየት የሚረዳውን) ስትጫን አንዳንዴ ማሽኑ ጭራሽ ዝም ይላታል፤ አንዳንዴ ደግሞ መሬቱ ሁሉ ይጮኽባታል።

መልስ፦ እህቴ፣ ጉዳዩ ቁልፉን የት ሆነሽ እንደምትጫኚው ነው። በመደበኛው ፍለጋ ማሽኑ የሚሰማው ኮይሉ ሲንቀሳቀስ ነው። ፒንፖይንት ላይ ግን ኮይሉ ቆሞም ይጮኻል። ይህን ማድረግ የሚችለው ቁልፉን በተጫንሽበት ቅጽበት ከኮይሉ ሥር ያለውን ሁሉ ከምንም ስለሚቆጥረው ነው። ዕቃው ላይ ሆነሽ ከተጫንሽ ዕቃውንም ከምንም ቆጠረው፤ ዝም ያለው ለዚህ ነው። ኮይሉን ወደ ላይ አንሥተሽ ከተጫንሽና ከዚያ ካወረድሽው ደግሞ መሬቱ ራሱ እንደ ዕቃ ይቆጠራል፤ ሁሉም የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ኮይሉን ከድምፁ አንድ ሁለት ጫማ አርቀሽ፣ በምትፈልጊበት ከፍታ ላይ ያዢውና ተጫኚ፤ ከዚያ ወደ ዕቃው አምጪው። ድምፁ ሰፊ ቦታ ላይ ከበረታብሽ ይኸው ባሕርይ ይጠቅምሻል። ቁልፉን ልቀቂና፣ ድምፁ ከሚጀምርበት ዳር ትንሽ ገባ ብለሽ እንደገና ተጫኚ። ደካማው ዳር ዳሩ ይጠፋና መሃሉ ብቻ ይቀራል። አንዴም ሁለቴም መድገም ይቻላል፤ ብቻ መሃሉ ላይ ሆነሽ አትጫኚ። ፒንፖይንት የብረት ዓይነት እንደማይለይም አትርሺ። ከሳንቲሙ አጠገብ ሚስማር ካለ መሃል ብሎ የሚያሳይሽ በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ትንሽ ኮይል ይረዳል።

ጥያቄ፦ ወደ ሜዳ ከመውጣቴ በፊት መኝታ ክፍሌ ውስጥ ለመለማመድ ሞክሬ ነበር። ማሽኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል።

መልስ፦ ወለሉ ውስጥ ፌሮ፣ አልጋው ውስጥ ሞላ፣ ግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። እዚያ ልምምድ የለም፤ ውጡ። ለነገሩ አልጋ ያሳሳተው እርስዎን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው ሳለ፣ የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን ጥይት ለማግኘት ለዛሬዎቹ ዲቴክተሮች መነሻ የሆነ መሣሪያ ይዞ ቀርቦ ነበር። ፍለጋው አልተሳካም። አንዱ ምክንያት ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ ውስጥ የነበረው የብረት ሽቦ ነው። ሌላው ምክንያት የሐኪማቸው እምነት ነው፦ ጥይቷ በስተቀኝ ናት ብለው ስላመኑ ፍለጋው በዚያው ወገን ተወሰነ። ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቷ በስተግራ ተገኘች። ዕቃው እዚህ መሆን አለበት ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ፈላጊ የማሽኑን ድምፅ መስማት ያቆማል። ሜዳ ላይም ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ማሳያው 10 ሴንቲሜትር አለኝ። እስከ ክርኔ ቆፍሬ ያገኘሁት የተጨፈለቀ ጣሳ ነው። ጥልቀቱን ማመን ይቻላል?

መልስ፦ ለሳንቲም ያህል ዕቃ፣ በግምት። ማሽኑ ጥልቀትን የሚገምተው ከድምፁ ብርታት ተነሥቶ፣ ዕቃውም ሳንቲም ያክላል ብሎ ነው። ትልቅ ዕቃ ከሩቅም ብርቱ ድምፅ ስለሚሰጥ ቅርብ ያለ ይመስላል። ከመቆፈርዎ በፊት ኮይሉን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያንሡት፤ ድምፁ አልደክም ካለ ዕቃው ትልቅ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ በረዥሙ ጽፈዋል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ መስቀለኛ መስመሩም ቁልፉም ጊዜ ማባከን ነው፤ ሰፋ አድርጌ ከቆፈርኩ ዕቃው የት ይሄዳል?

መልስ፦ የትም አይሄድም። በምን ሁኔታ እንደሚወጣ ግን ላስረዳዎት፤ የዕቃውን ትክክለኛ ነጥብ መለየትን እንዲህ አጥብቄ የማስተምረው ለዚሁ ነውና።

በመጀመሪያ መሬቱ። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ፣ ጥልቀቱ እኩል ሆኖ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ጉድጓድ ዘጠኝ እጥፍ አፈር ያስወጣል። ዘጠኝ እጥፍ ሣርና ሥር ይቆረጣል ማለት ነው። ትንሽ ጉድጓድ ከሆነ ሣሩን በሦስት ጎን ቆርጠው፣ አራተኛውን ጎን ሳይነኩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጡታል። አፈሩን ጨርቅ ላይ ያወጣሉ፤ ሲጨርሱ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሰው ይረግጡታል። ሥሩ ስላልተነቀለ ሣሩ ይድናል። ሰፊው ጉድጓድ ግን ቢደፈንም ጠባሳ ይተዋል፤ ባለመሬቱም ያንን ካየ በኋላ እርስዎንም ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውንም አያስገባም። ፈላጊዎችን ከብዙ ቦታ ያስባረረው የተቆፋፈረ መሬት ነው።

ቀጥሎ ዕቃው። ብርና ወርቅ ለስላሳ ብረቶች ናቸው። የመዳብ ሳንቲም ላይ ያለው አረንጓዴ ሽፋን ለዘመናት የተገነባ ነው። ዕቃው የት እንዳለ ሳያውቅ መቆፈሪያውን የሚሰካ ሰው ከሚሰካባቸው ቦታዎች አንዱ ዕቃው ራሱ ነው። መሬት ውስጥ ረዥም ዘመን ሳይጫር የኖረ ነገር በአንድ ምት ይሰነጠቃል፤ ያንን ምት መልሶ የሚያድን ጠጋኝ የለም። መሃሉን የሚያውቅ ሰው ግን መቆፈሪያውን ከዚያ አርቆ ዙሪያውን ይቆርጣል፤ የመጨረሻውን አፈር በጣቱ ያነሣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ዕቃው የተቀመጠበት አኳኋን ራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1992 እንግሊዝ ውስጥ ሆክስን በተባለ መንደር አንድ ሰው ማሳ ላይ የጠፋ መዶሻ በዲቴክተር ሲፈልግ የሮማውያን ዘመን ወርቅና ብር አገኘ። የተወሰነውን ካወጣ በኋላ ግን መቆፈሩን አቁሞ ለሚመለከታቸው አሳወቀ። በማግስቱ የደረሱት አርኪዮሎጂስቶች የቀረውን እንደተቀመጠ አወጡት። ከ14,000 በላይ ሳንቲሞች፣ ጌጣ ጌጦችና የብር ማንኪያዎች ተገኙ። ሀብቱ የተቀመጠበት የእንጨት ሣጥን ቢበሰብስም ዱካው ስላልተበተነ፣ ባለቤቶቹ ንብረታቸውን እንዴት ደርድረው እንደቀበሩት ሊታወቅ ቻለ። ያ ሰው በእልህ ሰፋ አድርጎ ቢዝቀው ኖሮ ወርቁ ባይጎድልም ይህ ሁሉ በጠፋ ነበር። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ስለዚህ ተመሳሳይ ዕቃዎች ከአንድ ጉድጓድ ተከታትለው ሲወጡ፣ ወይም የሸክላ ስብርባሪ፣ የድንጋይ ድርድርና አጥንት ሲያዩ እጅዎን ይሰብስቡ። ቦታውን ምልክት አድርገው፣ ፎቶ አንሥተው ለአገሩ የቅርስ መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ በአንዳንዱ አገር ያለ ፈቃድ መፈለግ ራሱ ወንጀል ነው። ይህን ለደንቡ ያህል አይደለም የምጽፈው፦ ወደ ሜዳ ከመውጣትዎ በፊት ሄደው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ድምፁ ነበር፤ ስቆፍር ጠፋ።

መልስ፦ መጀመሪያ የወጣውን አፈር ይፈትሹ፤ ዕቃው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ የጉድጓዱን ግድግዳ። ሁለቱም ጋ ከሌለ የዛገ ብረት ሊሆን ይችላል። ዝገቱ ወደ ዙሪያው አፈር ስለሚሰርጽ ድምፁን ያገዝፈዋል፤ አፈሩ ሲናድ ያ ግዝፈት አብሮ ይበተናል። የተጋደመ ሚስማርም ከአንድ አቅጣጫ ጥሩ ይጮኽና በ90 ዲግሪ ሲዞሩ ይጠፋል ወይም ቦታ ይቀይራል። ዞረው ሳይሰሙ አይቆፍሩ።

ጥያቄ፦ ትከሻዬን ያመኛል።

መልስ፦ ዘንጉን ሳይጎነበሱ እንዲሠሩ አድርገው ያስተካክሉት፣ ክርንዎን ወደ ጎንዎ ያስጠጉ፣ ውዝዋዜውን ያሳጥሩ። ካልተሻለዎት ሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት ከባድ፣ የዛገ፣ ከኋላው ክንፍ መሳይ ነገር ያለው ዕቃ ጫፉን አግኝቷል። ቀሪውን ለማውጣት ዙሪያውን በትክክል ለይቶ መቆፈር እንዴት እንደሚችል ይጠይቃል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቆፍር። አትንካው፣ አታንቀሳቅሰው፣ አታጽዳው፣ ኮይሉንም ከዚያ በኋላ አታስጠጋው። የገለጽከው ነገር ያልፈነዳ የሞርታር ጥይት ወይም ቦምብ ሊሆን ይችላል። ማርጀቱ አያጽናናህ። ዝገት ውጩን ይበላዋል እንጂ የውስጡን ፈንጂ አያከሽፈውም፤ ማቀጣጠያው ከዕድሜ ብዛት የበለጠ አደገኛ ሊሆንም ይችላል። በፈረንሳይና በቤልጂየም ማሳዎች ውስጥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የቀሩ የመድፍ ጥይቶች መቶ ዓመት አልፏቸውም እየወጡ ነው፤ ሰው ገድለዋል።

በመጣህበት ዱካ ተመለስ። ከሩቅ የሚታይ ምልክት አድርግ፣ ሰውና ልጆች እንዳይጠጉ ተናገር፣ ዛሬውኑ ለፖሊስ አሳውቅ፤ እነሱ የፈንጂ ባለሙያ ይጠራሉ። ፖሊሱ ቢያቀልልህ እንኳ ደግመህ ንገር። ጦርነት ባለፈበት ቦታ የመዝናኛ ዲቴክተር ይዞ ደኅንነቱን አረጋግጫለሁ ማለትም አይቻልም። የብረት ይዘታቸው እጅግ ጥቂት የሆነ ፈንጂዎች አሉ፤ የአንተ ማሽን ላይሰማቸው ይችላል። ይህን አንብበህ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ከመላክህ በፊት ሄደህ አሳውቅ።

ጥያቄ፦ በእጅ የሚያዘው ትንሹ ፒንፖይንተር ያስፈልጋል ወይስ ትርፍ ወጪ ነው?

መልስ፦ ያስፈልጋል፤ የዋናውን ማሽን ሥራ ግን አይተካም። የሚሰማው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ቦታውን በኮይል ሳይለዩ በእሱ መፈለግ ድካም ነው። ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ ከብረት አርቀው ያብሩት፣ ወለሉን በጫፉ፣ ግድግዳውን በጎኑ ይዳስሱ። ሁለቱ ማሽኖች እርስ በርስ እንዳይረባበሹ ትልቁን ራቅ አድርገው ያስቀምጡት ወይም ያጥፉት።