ጥያቄና መልስ፦ ዛቢክስን ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል ማድረግ

መላሽ፦ ሰላም የጎንደር አድሚኖች። የዛሬው ርዕስ ዛቢክስ 7.0 ነው። ሰርቨርና ስዊቻችንን ቀን ከሌት የሚከታተል፣ አንዱ ሲወድቅ የሚጮህልን ሶፍትዌር። ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ሰው የጻፈውን፣ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም እንገነባዋለን፤ ኮምፓይል ማለት ይሄ ነው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። «አልሰራም» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው መልስ አያገኝም። ኤረሩን አምጡ፤ የመጨረሻውን መስመር ሳይሆን የመጀመሪያውን። ሌላው፣ ኮንፊገርም (የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን የሚያጣራው ስክሪፕት) ሜክም (ገንቢው) በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪው በሩት ሥልጣን፣ አይሠራም። ሱዶ የተገነባውን ለሚጭነው ለሜክ ኢንስቶል ብቻ ነው።

ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ የተዘጋጀውን ፓኬጅ በኤፒቲ መጫን እየተቻለ ለምን እንለፋለን?

መላሽ፦ ፓኬጁ ከበቃህ አትልፋ። ከሶርስ የሚሠራው ለማሽኑ ፓኬጅ ያላገኘ፣ ወይም የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ማስገባት የፈለገ ሰው ነው። ብቻ ሁለቱን አንድ ማሽን ላይ እንዳትደባልቁ። ከሶርስ የተሠራው ዩኤስአር ሎካል የሚባለው ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ የፓኬጁ ሌላ ቦታ። ከዚያ የትኛው እየሠራ እንደሆነ ስትፈልግ ትውላለህ።

ከማራኪ፦ እኔ ከጊት ነው ያወረድኩት። «ኮንፊገር የሚባል ፋይል የለም» ይለኛል።

መላሽ፦ እውነቱን ነው፣ የለም። ጊት ላይ ያለው ፕሮግራመሮቹ የሚሠሩበት ጥሬው ነው። መጀመሪያ ቡትስትራፕ የሚለውን ስክሪፕት ማስኬድ አለብህ፤ ለእሱ አውቶኮንፍና አውቶሜክ የሚባሉ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። የዳታቤዙን ስኪማም (የሰንጠረዦቹን ንድፍ) ራስህ ልታመነጭ ነው። ምን አስለፋህ? የተዘጋጀውን ታርቦል (የታሸገ ፋይል፣ ባጭሩ ታር) ከዛቢክስ ድረ ገጽ አውርድ፤ ኮንፊገሩም ስኪማውም ውስጡ አለ። ኮኔክሽን ከተቆራረጠብህ በሚያወርድልህ ትዕዛዝ በደብሊውጌት ላይ «-ሲ» ጨምርበት፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከአራዳ፦ ጋሼ፣ እኔ ጋ አልሰራም።

መላሽ፦ ምኑ?

ከአራዳ፦ ኮንፊገር ገና ሲጀምር ይቆማል።

መላሽ፦ ኤረሩን አልኩ እኮ።

ከአራዳ፦ ይቅርታ ጋሼ። «አዲስ የተፈጠረው ፋይል አብረው ከመጡት ፋይሎች ያረጀ ነው፣ የሲስተሙን ሰዓት ተመልከት» የሚል ነው። ታሩን ስፈታውም ስለ ሰዓት ብዙ መስመር ጽፎ ነበር፣ ዝም ብዬ አለፍኩት። ሲወርድ ተበላሽቶ ይሆን?

መላሽ፦ ተባረኪ! ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ፋይልሽ ደህና ነው። ተርሚናሉ ላይ «ዴት» ብለሽ ዓመቱን ንገሪኝ።

ከአራዳ፦ 2018። ልክ ነው አይደል?

መላሽ፦ ለአንቺና ለእኔ ልክ ነው፣ ለማሽኑ ግን አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን የኛን ካላንደር አይቶ በእጁ ይሞላዋል። ዛቢክስ 7.0 የወጣው በፈረንጅ ጁን 2024 ነው። ፋይሎቹ ሲፈቱ የራሳቸውን ቀን ይዘው ነው የሚወጡት። የአንቺ ማሽን ደግሞ ገና 2018 ላይ ነው። ኮንፊገር ለሙከራ አንድ ፋይል ይፈጥራል፤ አሁን የተፈጠረው ፋይል ከድሮዎቹ አርጅቶ ሲያገኘው ይቆማል።

መቆሙም ጥሩ ነው። ሜክ ሥራውን የሚያውቀው በሰዓት ነው። የሲ ፋይሉ (የኮዱ ፋይል) ከተገነባው ፋይል አዲስ ከሆነ እንደገና ይገነባል፤ ካልሆነ ያልፈዋል። ሰዓቱ ከተዛባ የነካሽውን ፋይል ሳይገነባ ያልፋል፣ ወይም ያልነካሽውን ደግሞ ደጋግሞ ይገነባል። «ክሎክ ስኪው» (የሰዓት መዛባት) የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ በኋላ የተሠራውን አትመኑት።

ሌላም አለ። ዓመቱን በፈረንጅ ሞልቶ ሰዓቱን በኛ የሚሞላ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3 ብሎ ይጽፋል፣ ማሽኑ ሌሊት 9 ሰዓት ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ኤፒቲ አሁን የወጣውን የፓኬጅ ዝርዝር «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ማታ 2 ሰዓት የጠፋው መብራት ዛቢክስ ግራፍ ላይ 20:00 መሆን ሲገባው 14:00 ሆኖ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ተረኛ የነበረው ምስኪን ይወቀሳል።

መፍትሔው፦ ሲአር2032 የምትባለዋን ባትሪ ቀይሩ። የሰዓት ዞኑን አፍሪካ/አዲስ አበባ አድርጉ፤ ጎንደር ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙም። እኛ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ዓመቱን ሙሉ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ የሚቀያየር ነገር የለም። ክሮኒ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ፣ ማሽኑ ሲነሳ ኔትወርክ ካገኘ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል። በመጨረሻ የተፈታውን ፎልደር ሰርዘሽ ታሩን እንደ አዲስ ፍቺ። በአሮጌው ላይ እንዳትቀጥዪ።

ከፒያሳ፦ ግን ለምን በኛ አቆጣጠር አይሠራም? ኦፕን ሶርስ አይደል እንዴ? እኛው እናስተካክለው።

ከአዘዞ፦ ማሳያውን መቀየር ይቻላል እኮ። ስልኬ ላይ የኢትዮጵያ ካላንደር አለኝ።

ከፒያሳ፦ እኔ ስለ ማሳያ አላወራሁም።

ከቀበሌ 18፦ ተዉን እባካችሁ! ለጥምቀት የመጣ እንግዳ በዚሁ የሰዓት ጣጣ አዘዞ ኤርፖርት ተገትሮ ቀርቶብናል። ሾፌሩ በኛ ሰዓት፣ እንግዳው በነሱ።

ከፒያሳ፦ የሾፌሩ ጥፋት ነዋ።

ከቀበሌ 18፦ ሾፌሩ ምን አጠፋ? 3 ሰዓት ተባለ፣ በ3 ሰዓት ሄደ!

መላሽ፦ በቃ። የሊኑክስ ማሽን ውስጡ የሚቆጥረው የኛንም የፈረንጅንም አይደለም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ ነው የሚቆጥረው። ካላንደር ላዩ ላይ ነው። ማሳያውን በግዕዝ ቁጥርም አድርጉት፣ ሰከንዱን ግን አትንኩብኝ። ወደ ጉዳያችን።

ከማራኪ፦ ታርቦሉን አወረድኩ። አሁን ደግሞ ሊብኢቨንት የሚባለውን ላይብረሪ አላገኘሁም ይላል። ጭኜዋለሁ እኮ!

መላሽ፦ የጫንከው ማስኬጃውን ነው። ለመገንባት ሄደር ፋይሎቹ (ላይብረሪውን ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቁት) ያስፈልጋሉ። ኡቡንቱ ላይ ስሙ «ዴቭ» ብሎ የሚያልቀውን ጫን፤ በሬድ ሃት ወገን «ዴቨል» ነው። ምን እንደጎደለ ኮንፊግ ሎግ የሚባለው ፋይል ውስጥ ተጽፏል፣ አንብቡት።

ከቀበሌ 18፦ እኔን ደግሞ ኔት-ኤስኤንኤምፒ የሚባለው ላይብረሪ አልተገኘም ይለኛል።

መላሽ፦ ከላይ ለማራኪው የመለስኩትን አንብብ።

ከአዘዞ፦ ሜክ መሃል ላይ እያለ መብራት ሄደ። ሲመጣ ሜክ ብለው አንዱን ፋይል «አላውቀውም» ብሎ ይቆማል።

መላሽ፦ ሲጻፍ የነበረው ፋይል ግማሽ ላይ ቀርቷል። ሜክ የሚያየው ሰዓቱን ነው፣ ውስጡ ባዶ ይሁን ሙሉ አይመረምርም። አዲስ ስለሆነ ያለቀ መሰለው። ሜክ ክሊን በልና እንደገና ጀምር። በላፕቶፕ ገንብተህ ቢሆን ባትሪው ያሻግርህ ነበር።

ከፒያሳ፦ ሜክ ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል። ትናንት በሱዶ ስሠራው ግን ይሄድ ነበር።

መላሽ፦ መጀመሪያ ምን አልኩ? በሱዶ ስለሠራኸው ፋይሎቹ የሩት ሆነዋል። ፎልደሩን በሱዶ ሰርዝ፣ በራስህ ዩዘር ፍታ። ሱዶ ለሜክ ኢንስቶል ብቻ!

ከፒያሳ፦ እሺ ጋሼ። ናጊዮስ የሚባለው ሌላው መከታተያ ግን አይቀልም?

መላሽ፦ ሌላ ቀን።

ከአራዳ፦ ኮንፊገሩም ሜኩም አለፈ! ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ የትኛው ፋይል ቀድሞ ይገባል?

መላሽ፦ ስኪማ፣ ኢሜጅስ፣ ዳታ፣ በዚሁ ተራ። ለፕሮክሲ (መረጃ ሰብስቦ ለሰርቨሩ ለሚያቀብለው) ከሆነ ስኪማው ብቻ ይበቃል፤ ሌሎቹን ካስገባሽበት ይበላሻል። ፋየርዎል ላይ ኤጀንቱ (የሚከታተሉት ማሽን ላይ የሚቀመጠው የዛቢክስ ፕሮግራም) ባለበት ማሽን ፖርት 10050ን፣ ሰርቨሩ ላይ 10051ን ክፈቺ። ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ነው ታዲያ።